አንደኛ ማዕረግ ቆሞ መሄድ

እኔ መቀመጥ የምወድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ፍረዱ። ሰው ጠጅ ይወዳል፣ ሰው ካርታ ይወዳል፤ እኔ ወንበር እወዳለሁ። ደግሞ ምክንያት አለኝ። በዚያ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየሮጥሁ የምቀጥል። ማሽኑ አይቀመጥም፣ እኔም አልቀመጥም። ከሥራ ስወጣ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አለ፤ እሱም ቆሞ ነው። ከሰልፍ ስወጣ ስብሰባ አለ። ስብሰባ ላይ ወንበር አለ እንዳትሉኝ፤ ወንበር ያለው መድረኩ ላይ ነው። እሑድ ይደርስና እፎይ ልል ስል ደግሞ ቅዳሴውም ቆመን ነው የምናስቀድስ።

እንግዲህ ታናሽ ወንድሜ ታደለ አንድ ቀን ማታ መጥቶ «ጋሼ፣ በባቡር፣ አንደኛ ማዕረግ፣ ቁጭ ብለህ ድሬዳዋ ትሄድልኛለህ?» ሲለኝ፣ «ቁጭ ብለህ» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማሁም። እሺ አልሁት። ለምን እንደምሄድ የጠየቅሁት እንኳ ከእራት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታደለ ከእኔው ፋብሪካ መካኒክ ነው። ሰናይት የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ባሕር ዳር ኮሌጅ ልትማር መጣችና፣ ይኸው በብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦ ሐይቁን ዳር ለዳር ሲያዞራት ሁለቱም የማይድኑ ሆኑ። አሁን ልትመረቅ ነው። ያኔ ደግሞ ተመራቂን መንግሥት ነው የሚመድብ፤ ዛሬ ባሕር ዳር ያለችው ልጅ ነገ ጋሞ ጎፋ ናት። ባል ካላት ግን ባሏ ካለበት ትመደባለች። ምደባው ሳይወጣ አባትና እናቷ እሺ ካላሉ፣ ሰናይት ሄደች ማለት ነው። ታደለ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ የተቀመጠ የዓሣ ጥብስ ቀዝቅዞ ነበር። ዓሣ ፊቱ ቀርቦ የሚቀዘቅዝበት ወንድም እንዳልነበረኝ እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። አንደኛው አያ ደምሌ ናቸው፤ የእናታችን ታላቅ ወንድም፣ የዘጌ ሰው። ጌሾና ሎሚ ያበቅላሉ፤ ከጣና ወዲያ ያለውን ዓለም የሚያውቁት በወሬ ነው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ፤ ገበያው ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ የሰፈራችን ጠብ ሁሉ ያለ እሳቸው አይበርድም። ሦስተኛው እኔ፤ በዕድሜ ሽማግሌ ባልሆንም ቁጥር ማሟያ ነኝ።

ታደለ የአንደኛ ማዕረግ ትኬታችንን የገዛው ብስክሌቱን ሸጦ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት መሸጥ እግርን መሸጥ ነው። «ኧረ ተው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ምን ይለናል?» ብዬ ብጠይቀው «ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ከፍየል ጋር ተጨናንቆ ሲወርድ አማቴ ቢያየውስ?» አለ። እውነትም አማቱ ሊያይ ይችላል፤ የሰናይት አባት አቶ ወልደየስ የዚያው ባቡር አስተናጋጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። «አባቴ የሚኖረው ባቡሩ ላይ ነው፤ ቤት የሚመጣው ለእንግድነት ነው» ብላናለች ሰናይት። «ለማወቅ አትቸገሩም። ባቡሩ ሲናወጥ እሱ ብቻ አይናወጥም። ሾርባ ይዞ ሲሄድ አንዲት ጠብታ ፈስሳ አታውቅም።»

ዕቅዳችን ጥሩ ነበር። በባቡሩ ዝም ብለን እንሄዳለን፣ ድሬዳዋ የሐጂ ኑሩ ዘመድ ቤት እናድራለን፣ እሑድ ጠዋት በሥርዓቱ ከቤታቸው ሄደን ከደጅ እንቆማለን። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ጠያቂ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። «ተቀመጡ» ከተባለ ልጅቱ ተገኘች ማለት ነው። ለዚህም ነው በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመለስ «ምን አሏችሁ?» ተብሎ የማይጠየቅ። «ተቀመጣችሁ?» ነው የሚባል።

በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። በነጋታው ማለዳ ባቡር ጣቢያ ደረስን። ወይ አንደኛ ማዕረግ! ወንበሩ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ራስ ማስደገፊያ ያለው፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው። ቁጭ ስል ወንበሩ «እህ» ብሎ ተቀበለኝ። ዓይኔን ጨፈንሁ። የፋብሪካው ማሽን ሁሉ፣ የቀበሌው ሰልፍ ሁሉ ከእግሬ ሲወርድ ተሰማኝ። የታደለ ጫማ ትንሽ ጠቦኝ ነበር፤ የኔው አንደኛ ማዕረግ አይመጥንም ብሎ የራሱን አጥልቆልኝ ነው፤ ግን ለተቀመጠ ሰው ጠባብ ጫማ ምኑ ነው?

ከፊታችን ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ ሐጂ ተቀመጡ። በሌላው አያ ደምሌ ለልጅቱ እናት ያመጡትን የጌሾ ጆንያ አስቀመጡት። የባቡሩ ሠራተኛ ወደ ዕቃ ቦታ ልውሰደው ቢል «ጌሾ ከዓይኔ አይርቅም» አሉት። ባዶ ወንበር ነበርና ተዋቸው። ጌሾው በመስኮት በኩል፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠ።

አያ ደምሌ የሚያውቁት የረዥም መንገድ መጓጓዣ የጣናውን ጀልባ ነው። በጀልባ ሲኬድ ደሴት ባለፈ ቁጥር ገዳም አለና ሰው ተነሥቶ ይሳለማል። እሳቸውም ባቡሩ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ብድግ ብለው «የማን ታቦት ነው ያለው?» ይላሉ። ሞጆ ስንደርስ እኔን ጠየቁኝ። «አያ፣ ይህ ጣቢያ ነው፣ ታቦት የለበትም» አልኋቸው። «ታዲያ ለምን ቆመ?» አሉኝ።

ናዝሬትን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የሾርባ ሽታ መጣ። ከሽታው ኋላ ነጭ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው መጡ። ትሪው ላይ ሾርባ ደርድረዋል። ባቡሩ ያን ጊዜ ጥምዝ ላይ ነበርና ሁላችንም ወደ ግራ ተደፋን፤ ሰውዬው ግን ቤታቸው ሳሎን ውስጥ እንደሚንጎራደዱ ቀጥ ብለው መጡ። ሐጂ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። እኔም አወቅሁ። አያ ደምሌም አወቁ።

«አያ፣ እሑድ ነው» አልኋቸው በሹክሹክታ። «ቤታቸው ሄደን ነው።»

«ቤት?» አሉኝ። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከዋለበት ሌላ ምን ቤት አለው? ልጅቱስ ቤቱ ባቡሩ ነው ብላ የለም? ከቤቱ ገብተን እንደ ቀማኛ ዝም ብለን ሾርባውን ልንበላ?»

ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ? እኛ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር የመጣን ሽማግሌዎች ነን። ልጅዎን ሰናይትን ለልጃችን ለታደለ ይስጡን ብለን ከደጅዎ ቆመናል።»

ሾርባው ፈሰሰ። እንዲያው ብዙም አይደለም፤ ግን ፈሰሰ። አቶ ወልደየስ የፈሰሰውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ግራ ቀኙን አዩ።

«ደጄ? አባቴ፣ የታለ ደጄ? ይሄ እኮ ፉርጎ ነው። ይልቅ ይቀመጡና...»

«ተመስገን!» አሉ አያ ደምሌ። «ተቀመጡ አሉን! ልጅቱን ሰጡን ማለት ነው?»

«ኧረ! ኧረ አላልኩም!» አሉ አቶ ወልደየስ ትሪያቸውን እንደ ጋሻ ይዘው። «ለሁሉም ሰው የምለው ነው! ሥራዬ ነው!»

«እንግዲያማ እንቆማለን።»

«እናቷን ሳላማክር ምን ልበላችሁ? እሷ ያለችው ድሬዳዋ።»

«እስኪማከሩ እንቆማለን» አሉ አያ ደምሌ። ሐጂ ኑሩ ተነሡና ጎናቸው ቆሙ። ሁለቱ ወደ እኔ ዞሩ። ወንበሬን አየሁት። ብስክሌት ተሽጦበታል። ተነሣሁ፤ ጫማው ወዲያው ነከሰኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደርግ ጊዜ ያልነበረ ሰው አያምነኝም። ከመተላለፊያው ወዲያ ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ጋዜጣ ያነብ ነበር። ካድሬ ነው። ቀና ሲል ሦስት ሰዎች እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እሱ የሚያውቀው ሰው እንዲህ የሚቆመው ትልቅ ባለሥልጣን ሲገባ ነው። ጋዜጣውን ጥሎ ብድግ አለ! ካድሬው ሲነሣ ከኋላው ያሉት ነጋዴዎች ተነሡ። ነጋዴዎቹ ሲነሡ ሁለት ወይዘሮዎች ተነሡ፤ አንዷ የጎረሰችውን ሳትውጥ ነው። በዓይን ጥቅሻ ፉርጎው ሙሉ ቆመ። ማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። የሚቀመጥማ ከየት ይምጣ?

አቶ ወልደየስ መካከል ላይ ቀሩ። የሥራቸው ግማሽ «ይቀመጡ» ማለት ነበር፤ አሁን ግን ያችን ቃል እንዳይሏት ፈሩ፤ ከአፋቸው ብትወጣ ልጃቸው ትሄዳለች። «እባካችሁ... እንዲያው... ዝቅ በሉ» አሉ። ማንም ዝቅ አላለም።

ካድሬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጓድ፣ ማነው የገባው?»

«የልጅቱ አባት ናቸው» አልሁት።

«የየትኛዋ?»

«የሰናይት።»

አሰበ። «ጓዲት ሰናይት... የት ነበር ያለችው?»

«ገና ምደባ አልወጣላትም።»

«አሃ!» አለና የበለጠ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እንዲያው በዚያ ብናልፍ ምን ነበረበት? ሐጂ ኑሩ ግን ሐሰት አይችሉም። «ልጄ፣ እኛ ለጋብቻ ጥያቄ ነው የቆምነው፤ አንተ አረፍ በል» አሉት።

የካድሬው ዓይን ቀላ። አለቀልን አልሁ በሆዴ። ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ እስረኛ ሆኜ ልመለስ ነው! ሰውዬው ወንበሩን አየ። ወደ ኋላ ዞሮ እሱን ተከትሎ የቆመውን ሕዝብ አየ። አሁን ቢቀመጥ በከንቱ መነሣቱን ሊያምን ነው። ካድሬ ደግሞ በከንቱ አይነሣም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው!» አለ። «እኔም እደግፋለሁ!»

ፉርጎው አጨበጨበ። ያኔ «እደግፋለሁ» ከተባለ እጅ ራሱ ነው የሚያጨበጭብ። በዚህ ዓይነት ሳናስበው አራተኛ ሽማግሌ አገኘን፤ እሱም እንደኛው ቆሞ ቀረ። ሌላው ሰው ነገሩ ሲገባው እየሳቀ ተቀመጠ።

ተቀመጠና በላ። እንዴት እንደበላ አልነግራችሁም! ጥብስ በአፍንጫዬ ሥር አለፈ፣ ድንች አለፈ፣ ቀዝቃዛ ቢራ ላብ እያላበው አለፈ። «ሐጂ፣ እንዴት ቻሉት?» አልኋቸው። «ረመዷን ነው ብዬ ነይቻለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በየጥምዙ አንዴ ሐጂ ላይ፣ አንዴ ካድሬው ላይ እወድቃለሁ። ባቡሩ ውስጥ የማይናወጡ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አቶ ወልደየስና ጌሾው። ጌሾው መስኮቱን ተደግፎ፣ የመተሐራን ሐይቅ እያየ ተዝናንቶ ይሄዳል። ቀናሁበት። በጌሾ የቀና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አዋሽ ስንደርስ ካድሬው ወረደ። «ስልክ!» ብሎ ጣቢያው ገባ፤ ያኔ ካድሬ ስልክ ካለ ስልክ ይገኛል። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በሚሄደው ስልክ ድሬዳዋ ተደወለ። ከዚያ ሰው ተልኮ የልጅቱን እናት ከቤታቸው እንዲጠራ ተነገረ፤ መልሱ ከፊታችን ባለው ጣቢያ ይጠብቃችኋል ተባልን። እኛም ካድሬውም ቆመን ሄድን።

ሚኤሶ ላይ የጣቢያው ሹም ሮጦ መጣ። «ወይዘሮዋ አንድ ጥያቄ አላቸው» አለ። «ባሕር ዳር ጉማሬ አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ብለዋል።»

ተያየን። ሰው ስለ ሙሽራው ጠባይ ይጠየቃል፣ ስለ ዘሩ ይጠየቃል፣ ስለ ደመወዙ ይጠየቃል። ስለ ጉማሬ ምን ተብሎ ይመለሳል? ማታ ማታ ከሐይቁ እየወጣ ዳር ዳሩን ይግጣል፤ ልጅቱ የምትኖርበት ሠፈር ድረስ ነው።

«የለም እንበላቸው» አልሁ እኔ። እግሬ ነው የተናገረው።

«በቁጥጥር ሥር ውሏል ይባል» አለ ካድሬው።

ሐጂ «ከከተማ ራቅ ይላል ብንል» አሉ፤ ወዲያው ግን «አስተግፊሩላህ» ብለው ተዉት።

አያ ደምሌ ሁላችንንም በቁጣ አዩን። «በሐሰት የተጠየቀች ልጅ ቤት አትሠራም! ጉማሬ አለ በላቸው። አለ፤ ነገር ግን ሣር ነው የሚበላ።»

ሹሙ መልሱን ይዞ ሄደ። ባቡሩ ተነሣ። እኔ ደግሞ ታደለን አሰብሁት፤ በእግሩ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ፣ ሌላ ሰው ብስክሌቱን ሲነዳበት። የወንድሜን እጮኛ በጉማሬ ምክንያት ልናስቀርበት ነው ብዬ ዕንባዬ መጣ። የጫማው ሕመም ነው አልሁ ለካድሬው። ሰውዬው መሐረቡን ሰጠኝ፤ እሱም ምሳ አልበላም ነበርና ሆዱ ባብቶ ይሆናል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድሬዳዋ ገባን። ባቡሩ ቆመ። ሰው ግን አልወረደም! መልሱን ሳይሰማ የሚወርድ ጠፋ። በሩ ተከፈተና ድሪያ ቀሚስ የለበሱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረዥም ሴት ገቡ።

«አቦ ምንድነው ይሄ? ምነው ሰው ሁሉ እዚህ ቀረ?» አሉ። የልጅቱ እናት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ቀጥ ብለው ወደ አያ ደምሌ ሄዱ። «አንተ ነህ ጉማሬው ሣር ነው የሚበላው ያልከው?»

አያ ደምሌን የገዳሙ አበምኔት እንኳ «እርስዎ» ነው የሚሏቸው። የድሬዳዋ ሰው ግን ለማንም «አንተ» ነው፤ ከፍቅር ነው ይላሉ። አያ ትንሽ ዋጥ አደረጉና «እኔ ነኝ» አሉ።

«የለም ብትለኝ ኖሮ ልጄን አታገኛትም ነበር። ባለፈው ክረምት ስትመጣ ነግራኛለች፤ በመስኮት ሲግጥ አይታዋለች። የምትዋሹ ሰዎች መሆን አለመሆናችሁን ልይ ብዬ ነው።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «እኔ ጨርሻለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

አቶ ወልደየስ ትሪያቸውን እንደያዙ ነበሩ። ጥቂት ወደ እኛ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ወንበር» አሉ፣ የእኔን ወንበር እያሳዩ። «ስንቱን ሰው አስቀምጬበታለሁ። ሚኒስትር ተቀምጦበታል፤ ፈረንጅ ተቀምጦበታል። እኔ ቆሜ፣ ሰው ተቀምጦ ሲበላ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ቆመህ መዋል ምን እንደሆነ እግሬ ያውቃል።» ትሪውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔን አክብሮ የቆመልኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ከናዝሬት ድሬዳዋ! ልጄን ለእናንተ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው?»

ትሪውን ለሚስታቸው ሰጡ። ነጭ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አድርገው ወንበሬ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ለእሳቸውም «እህ» አለ። ወደ መስኮቱ አዩ፣ ክንድ ማሳረፊያውን ዳበሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሐጂ ተቀመጡ። ካድሬው ተቀመጠ። አያ ደምሌ «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። እኔ ወንበሬ ተይዞብኝ ነበርና ክንድ ማሳረፊያው ላይ፣ ከአቶ ወልደየስ ጎን አረፍሁ። ጉዞው አልቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ተሸካሚዎች ዕቃ እያወረዱ እኛ አንደኛ ማዕረግ ቁጭ ብለን ነበር። ወይዘሮ አስካለ የተረፈውን ሾርባ ሁሉ አስመጡ። ቀዝቅዟል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሾርባ ግን የለም።

ጌሾውን ለሠርጉ ጠላ ድሬዳዋ ትተን በአውቶቡስ ተመለስን። ባሕር ዳር ስንገባ ታደለ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። በእግሩ ነው የመጣው። ከስቷል። ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ሳንወርድ «ተቀመጣችሁ?» አለን።

«ተቀመጥን» አልሁት።

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐጂ ኑሩ አነሡት፤ እኔም አቀፍሁት። ዕንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ግን የብስክሌቱ ነገር ትዝ አለው መሰለኝ፣ «ወንበሩስ? እንዲያው ይመች ነበር?» አለን።

እኔ ሐጂን አየሁ። ሐጂ አያ ደምሌን አዩ። አያ ጋቢያቸውን አራገፉ።

«እሱንስ» አሉ፣ «ጌሾው ነው የሚያውቅ።»